የአባቴ ዘር ሲቆጠር

አባቴ እግሩ አላርፍ ያለው የሽንኩርት ነቀላ ደርሶ ቆቦ በኬሻና በአይሱዙ በተጨናነቀችበት ሰሞን ነው። ጠዋት ቁርሱን ይበላል፣ ባርኔጣውን ያደርጋል፣ “ልሂድ፣ ውኃው ይጠብቀኛል” ይልና ይወጣል። የሚጠብቀው ውኃ የለም። ከመስኖ ፓምፕ ሞተረኝነት ሥራው ከተሰናበተ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር።

መጀመሪያ ላይ እናቴ ከበር ትመልሰው ነበር። ኋላ ግን እሷ ጓዳ እስክትገባ ጠብቆ መውጣት ለመደ። አንድ ቀን በሮቢት መንገድ ይገኛል፣ ሌላ ቀን በተቃራኒው ወደ ዋጃ ሲገሰግስ። ሁልጊዜ አስፋልቱን ይዞ፣ ሁልጊዜ እንደ ረፈደበት ሰው እየተቻኮለ። እኔ እዚያው ቆቦ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ አስተምራለሁ። በክፍል ሰዓት ስልኬ ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ጠመኔዬን አስቀምጬ ወደ በር እወጣ ጀመር። ብዙ ጊዜ የሚደውለው ባለባጃጅ ጎረቤታችን ነው። “አብሽሪ መምህር፣ ዛሬ ወደ ዋጃ ነው ያቀኑት፤ ይዣቸው እየመጣሁ ነው” ይለኛል። አብሽሪ ማለቱ ደግነቱ ነው እንጂ፣ እኔ ከዚያ በኋላ የቀረውን ክፍለ ጊዜ ምን እንዳስተማርኩ አላውቀውም።

አባቴ ያኔ ሃምሳ አምስት ዓመቱ ነበር። ዕድሜውን የምናገረው አርጅቶ ነው ተብሎ እንዳይታሰብ ነው። ፀጉሩ አልሸበተም፣ ክንዱም ገና የሞተረኛ ክንድ ነበር። የሥራ ዘመኑን ያሳለፈው በቆቦ ሜዳ፣ በመስኖ ጉድጓዶቹ ላይ ነው። ፓምፑን በጆሮው ያውቀዋል። ልጆች ሆነን ምሳ ስናደርስለት፣ መዳፉን የብረት ቱቦው ላይ አሳርፎ ትንሽ ይቆይና “ከሥር አየር እየሳበ ነው” ብሎ ያጠፋዋል። ከወልድያ የመጡት ባለሙያዎች ሲፈቱት እሱ እንዳለው ሆኖ ያገኙታል። ገበሬዎቹ ተራቸው ሲደርስ ሞተረኛው እሱ ከሆነ ደስ ይላቸው ነበር።

የመጀመሪያውን ምልክት የሰማሁት ከአንዱ ገበሬ ነው። አባቴ አንድ ጠዋት የመቆጣጠሪያው ሳጥን ፊት ቆሞ የትኛውን ቁልፍ ቀድሞ እንደሚጫን ጠፋበት። ገበሬዎቹ ከጀርባው ቆመው ይጠብቃሉ። በመጨረሻ ዞር ብሎ መብራት የለም አላቸው። መብራቱ ግን ነበር፤ የሳጥኑ አምፖል በርቶ ሁሉም ያየዋል። ያከብሩት ስለነበር መብራት የጠፋ አስመስለው ወደየቤታቸው ሄዱ።

ይህ የሆነው ከጦርነቱ በፊት ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ፣ እኛም እንደ ሌላው ሰው ተሰደድን፣ ተመለስን፣ ያገኘነውን አገኘን። አባቴ እየባሰበት ሲሄድ ሰዉ ሁሉ ድንጋጤ ነው አለ። በየቤቱ የደነገጠ ሰው ስለነበር ስሙ ለሁሉም ተስማሚ ነበር። እኔም ተቀበልኩት። የሳጥኑን ነገር እያወቅሁ ተቀበልኩት፤ ለእናቴም ለወንድሜም ሳልናገር ቆየሁ። ለምን እንደሆነ ዛሬም በደንብ አላውቅም። ድንጋጤ ከሆነ ያልፋል፣ ለዚያ ይሆናል።

ነገሩ ሲጠና እኔና ታናሽ ወንድሜ፣ እናታችንን ጨምረን፣ አዲስ አበባ የአእምሮና የነርቭ ሐኪም ዘንድ ወሰድነው። ሐኪሙ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። አባቴን ሰዓት ሣል አለው። አባቴ ክቡን አሳምሮ ሣለና ቁጥሮቹን ሁሉ በአንድ ጎን ደረደራቸው፤ ከዚያ ወረቀቱን አዙሮ አዙሮ አየውና “ይኼ መለኪያ ተበላሽቷል” አለ። የአንጎሉ ምስል ከተነሣ በኋላ ሐኪሙ ከቤተሰቡ በዚህ ዕድሜ የመርሳት ሕመም የያዘው ሌላ ሰው እንዳለ ጠየቀ። እናቴ የለም አለች። እንዲህ ቶሎ የለም ማለቷ ደንቆኝ ዞር ብዬ አየኋት፤ እሷ ግን የነጠላዋን ጥለት ታስተካክል ነበር።

ሐኪሙ ባዮሎጂ እንደማስተምር ሲሰማ እናቴና ወንድሜ አባቴን ይዘው እንዲወጡ አደረገና እኔን አስቀረኝ። በወረቀት ጀርባ ሁለት መስመር አሰመረ፤ የሕዋስ ሽፋን ነው። እዚያ ላይ አራት ነገር ሣለ። እነዚህ አራት ፕሮቲኖች ተጋግዘው ጋማ ሴክሬቴዝ የሚባል አንድ ኢንዛይም ይሠራሉ አለኝ፤ ሥራው ሽፋኑ ውስጥ ያሉ ሌሎች ፕሮቲኖችን መቁረጥ ነው። የሚቆርጠው ፕሪሰኒሊን ይባላል። ኒካስትሪን የሚባለው ደግሞ በውጪ በኩል እንደ በረኛ ይቆማል፤ ለመቆረጥ የሚመጣውን ተቀብሎ ረጅም የሆነውን ከበር ይመልሳል። የቀሩት ሁለቱ ስብስቡ እንዳይፈርስ ያግዛሉ። ቆራጩ በዘር የመጣ ስህተት ካለበት የሚቆረጠው ነገር ልኩን ይስታል፣ ረዘም ብሎ የሚቀረው ቁራጭ እርስ በርሱ እየተጣበቀ አንጎል ውስጥ ይከማቻል፣ ሰውየውም በጎልማሳነቱ መርሳት ይጀምራል። አባቴ ይህ ይኑርበት አይኑርበት በአገር ቤት ምርመራ ማረጋገጥ እንደማይችል ነገረኝ። ደም ወደ ውጭ ልኮ ማስመርመር ይቻላል፣ ነገር ግን መጀመሪያ የቤተሰቡን ታሪክ በትክክል ማወቅ ይፈልጋል።

“እናትሽ የለም ብለዋል፤ አንቺ ግን እስቲ ጠይቂ” አለኝ። “በዘር የሚሄደው ዓይነት ከሆነ እያንዳንዱ ልጅ የመውረስ ዕድሉ ግማሽ በግማሽ ነው። ማወቅም አለማወቅም መብታችሁ ነው።”

ከዚያ ቀን በኋላ ዕረፍት አጣሁ። ኔትወርክ ባገኘሁ ቁጥር በመምህራን ማረፊያ ክፍል ጥግ ይዤ ስለነዚያ አራት ፕሮቲኖች አነባለሁ። ከሁሉም የያዘኝ ኒካስትሪን ነው። ስሙ የመጣው በደቡብ ጣሊያን ካለች ኒካስትሮ ከምትባል ከተማ ነው። ከዚያች ከተማ የሚወለድ አንድ ሰፊ ዘር ነበር፤ ልጅ ከአባት፣ አባት ከአያት እየተቀባበለ በጎልማሳነቱ ይረሳ ነበር። ሳይንቲስቶቹ ፕሮቲኑን ሲያገኙት ያን ዘር አስበው በከተማዋ ስም ጠሩት። የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ በዘር የሚሄደውን ስህተት የሚሸከመው በረኛው ኒካስትሪን ሳይሆን ቆራጩ ፕሪሰኒሊን ነው። እኔ ግን በረኛውን መተው አልቻልኩም። እነዚያ ሰዎች የዘራቸውን ነገር ለእንግዳ ሐኪም ተናግረዋል። ጎረቤት ምን አላቸው? ልጆቻቸውን ማን አገባቸው? ይህን የሚመልስልኝ ገጽ አላገኘሁም።

ራሴንም መፈተን ጀመርኩ። የተማሪዎቼን ስም መዝገብ ሳልከፍት እጠራለሁ፤ ስልሳ አንድ ናቸው። አንድ ማክሰኞ የፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ ሁልጊዜ እጇን የምታወጣ ልጅ ስሟ ከአፌ ጠፋ። ልጅቱ እጇን እንዳወጣች ትጠብቀኛለች። “አንቺ” ብዬ አለፍኩት፤ ከዚያ ወጥቼ ኒም ዛፉ ሥር ቆሜ እስኪመጣልኝ ድረስ ታገልኩ። የሰው ሁሉ ስም ለአፍታ እንደሚጠፋ አውቃለሁ፤ ለተማሪ እንኳ ማስረዳት እችላለሁ። ያን ቀን ግን ለራሴ ማስረዳት አልቻልኩም። ሠላሳ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ቁጭ ብዬ ከሃምሳ ላይ ሠላሳ ስድስትን ቀነስኩ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎብዬ ከተማ ወደምትኖረው አክስቴ ሄድኩ። የአባቴ ታላቅ እህት ናት፤ ሰባ ሊሞላት ነው፣ አእምሮዋ እንደ ምላጭ። የገበያ ቀን ስለነበር ቤቷ በእንግዳ ተሞልቶ ጠበቀኝ፤ እስኪወጡላት ድረስ ተቁነጠነጥኩ። ብቻችንን ስንሆን ስለ አያቴ ጠየቅኋት። እኛ ያደግነው አያታችን ግመል ሊገዛ ከዞብል ማዶ ወደ አፋር በረሃ ወርዶ ሽፍታ ገደለው ሲባል ሰምተን ነው።

አክስቴ ተነሥታ በሩን ዘጋች። ከዚያ ሽፍታ አልገደለውም አለችኝ። አባቷ ሃምሳ ሳይሞላው ነው የጀመረው። የራሱን በሬ የሰው ነው እያለ ለጎረቤት ይነዳ ነበር፤ ጠዋት ወጥቶ መመለሻው ይጠፋዋል። ሦስት ዓመት እንዲህ አስታመሙት። አንድ ቀን ወደ ቆላው ሲያቀና ያየው ሰው ነበር፣ ከዚያ በኋላ ያየው የለም። የእሱም እናት እንዲሁ ነበረች ሲባል በልጅነቷ ሰምታለች፤ እሷን ግን ዛር ነው ብለው ነበር።

“ለምን ዋሻችሁን?” አልኳት።

“አራት ሴቶች ነበርን፣ ሁላችንም ያላገባን” አለች። “እናቴ ምን ታድርግ? የሚያብድ ዘር ናቸው ከተባልን ማን ደጃችንን ይረግጣል? እናትሽም ታውቃለች፤ አግብታ ከገባች በኋላ የነገርኳት እኔ ነኝ። ስትሰማ አንቺን አርግዛ ነበር።”

ወደ ቆቦ ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ስለ እናቴ ሳስብ ነበር። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ባሏ ዕቃ የት እንዳስቀመጠ በጠፋው ቁጥር ምን ይሰማት እንደነበር። ከአክስቴ ቤት ስወጣ ተቆጥቼባት ነበር፤ ቆቦ ስደርስ ቁጣውን የማሳርፍበት አጣሁ።

ችግሩ ጊዜው ነው። ወንድሜ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ ሃያ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። ዋጃ የምትኖር አንዲት አስተማሪ ወዶ ሽማግሌ ልከናል። የተመለሰልን መልስ ጥሩ ነው፤ ዘር እንቆጣጠርና በሰባት ቤት ካልተገናኘን እንሰጣለን የሚል ነበር። አባታችን መታመሙን ሰምተዋል፤ እነሱም የጦርነቱ ድንጋጤ ይመስላቸዋል። የታመመ ሰው አናንገላታም፣ እኛ እንመጣለን ብለው ቀን ቆረጡ። ሁለት ሳምንት ቀርቶታል።

ለእናቴ አክስቴ ያለችኝን ነገርኳት። አልካደችም። ጎመን እየቀነጠሰች ነበር፤ ሳትቆም “ከሠርጉ በኋላ ይነገር” አለች። ከሠርጉ በኋላ ምን ዋጋ አለው ስላት፣ ለእኔስ ሳልገባ ማን ነገረኝ፣ አልኖርኩም ወይ አለችኝ።

ወንድሜን ጋራዡ ድረስ ሄጄ ከሥራ አስወጥቼ ነገርኩት። ሐኪሙ የሣለልኝን ወረቀት አሳየሁት። እጁ ግራሶ ስለነበር ሳይነካው ጎንበስ ብሎ አየው። አልጮኸም፤ ጩኸቱን ነበር የጠበቅሁት። ነገሩን ለምን አሁን እንደምነግረው ጠየቀኝ፤ ከሁለት ወር በፊት፣ ሽማግሌ ሳይላክ ብነግረው ምን ነበረበት? ከሁለት ወር በፊት እኔም አላውቅም እንደነበር አስረዳሁት። ከዚያ የሳጥኑን ነገር ነገርኩት፣ ከጦርነቱ በፊት የሰማሁትን። ያን ጊዜ ተቆጣ። ጀርባውን ሰጥቶኝ ወደ መኪናው ገባ፣ ለአንድ ሳምንትም አላናገረኝም። ቤት እንገናኛለን፣ ውኃ ያቀብለኛል፣ ቃል አይወጣውም። እሱም እንደ አባታችን አንድ ቦታ መቀመጥ ተሳነው፤ ተነሥቶ በረንዳ ይወጣል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይወጣል።

ለወንድሜ በነገርኩት በዘጠነኛው ቀን የወደዳት ልጅ ራሷ ትምህርት ቤት ድረስ መጣች። ከዋጃ በጠዋቱ ሚኒባስ መጥታ በር ላይ ትጠብቀኝ ነበር። ወንድሜ ሁሉንም እንደነገራት ፊቷን ሳይ ገባኝ። ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ ከግቢው ጀርባ ወዳለው የማሽላ ማሳ ዳር ይዣት ሄድኩ። ቀጭን፣ ረጋ ያለች፣ ስትናገር ዓይን የምታይ ልጅ ናት።

“እትዬ፣ እሱ ሲነግረኝ እያለቀሰ ስለነበር በደንብ አልገባኝም” አለች። “አንቺ ንገሪኝ። ሳይታመም ስንት ዓመት አለው?”

እርግጠኛ መሆን እንደማይቻል ነገርኳት። ላይይዘውም ይችላል፤ ከያዘው በአባቱና በአያቱ እንደታየው ወደ ሃምሳው ገደማ ይሆናል። ልጅ ቢወልዱ ደግሞ ለልጁም ያው ጥያቄ እንዳለ ሳልደብቅ ነገርኳት።

ትንሽ በጣቷ ቆጠረች። “ሃያ ዓመት ነው እንግዲህ፣ ቢያንስ” አለች። “አባቴን የቀበርነው አርባ ሳይሞላው ነው፣ በጦርነቱ። እናቴ ሃያ ዓመት ቢሰጧት ትወስደው ነበር።”

ከዚያ ስለ እኔ ጠየቀችኝ፤ እኔስ ላውቅ እፈልግ እንደሆነ። እስከዚያ ቀን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። አላውቅም አልኳት፤ እውነቴን ነበር። ስትሄድ ይህን ለቤተሰቦቿ ገና እንዳልተናገረች፣ በአባቷ ፋንታ የሚድራት አጎቷ ከሰማ ነገሩ እንደሚያበቃ፣ እንዴት እንደምታደርግ እንደምታስብበት ነገረችኝ።

የቀጠሮው እሑድ አጎቷና ሁለት ሽማግሌዎች መጡ። አክስቴ ከጎብዬ መጥታለች። አባቴን አጥበን፣ ነጭ ሸሚዝ አልብሰን፣ ከወንድሜ አጠገብ አስቀመጥነው። አክስቴ ቆጠራውን ስትጀምር ቤቱ ጸጥ አለ። የወንድሜን አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት እያለች፣ በእናትም በአባትም በኩል ሰባት ቤት ድረስ አንድም ሳትሳሳት ወረደች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የነሱን ቆጠረ። ከመካከሉ አንዳንዱ የኦሮሞ ስም ነበር፤ ያን ሲጠሩ ሁለቱም ወገን ፈገግ አሉ፣ የድሮ ራያ ነን ለማለት ያህል። የሚገናኝ አልተገኘም።

አጎቷ ጉሮሮውን ጠራርጎ ደንቡ ስለሆነ ብቻ እጠይቃለሁ አለ። በዚህ ቤት በዘር የሚሄድ ደዌ እንደሌለ እናምናለን፣ አይደለም ወይ?

ወንድሜ መሬት መሬት ያያል። እኔ እናገራለሁ ብዬ ወስኜ ነበር የተቀመጥኩት፣ ግን እናቴን እናቴን አያለሁ። በዚህ መሃል አባቴ እንግዶቹ ከመጡ ለሦስተኛ ጊዜ ወደ አጎትየው ጠጋ ብሎ፣ በዚያ በትሁት አነጋገሩ፣ “ጌታዬ፣ የማን ሠርግ ነው?” ብሎ ጠየቀው።

እናቴ ቀና አለች። “አለብን” አለች። “ድንጋጤ ነው ያልናችሁ ውሸት ነው። የባለቤቴም አባት እንዲህ ሆኖ ነው የጠፋው። ልጄን ይይዘዋል አይይዘውም አላውቅም። እኔ ሳልሰማ ነው የገባሁት፤ የናንተ ልጅ ሰምታ ትግባ።”

አክስቴ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። እናቴን በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አይቻት አላውቅም፤ ተናግራ ስትጨርስ ተነሥታ የአባቴን የተፈታ ቁልፍ ቆለፈችለት።

አጎትየው አልተቆጣም። ተነሥቶ የአባቴን እጅ በሁለት እጁ ጨበጠ፣ ስለ እውነቱ እናመሰግናለን፣ ተመካክረን እንልካለን አለ። ምግቡ ሳይነካ ሄዱ። ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለሁላችንም ገባን።

ሦስት ሳምንት ምንም አልተላከልንም። ወንድሜ አልጠየቃትም፤ ጫና እንዳይሆንባት ብሎ ደውሎላትም አያውቅም። እኔ በየዕረፍቱ ወደ በሩ አያለሁ። ኋላ እንደሰማነው አጎቷ እንቢ ብሎ ቆርጦ ነበር። ልጅቱ አልተሟገተችውም፤ እናቷን ብቻ አስቀምጣ ለእኔ ያለችኝን አለቻት። እናትየዋ ለሁለት ቀን አሰበችና ልጄን የምድራት እኔ ነኝ ብላ ወንድሟን ዝም አሰኘችው። በሦስተኛው ሳምንት መጨረሻ አንድ ሽማግሌ ብቻውን በዋጃ ሚኒባስ መጥቶ፣ ሠርጉ ጥር ይሁን አለን።

ሠርጉ ትንሽ ነበር። አጎቷ አልመጣም። አባቴ ከጭፈራው መሃል ገብቶ በደንብ ጨፈረ፤ እግሩ ጭፈራውን አልረሳም ነበር። በመጨረሻ ሙሽራዋን የማን ልጅ ነሽ ሲላት፣ “የርስዎ” አለችው፣ እሱም እውነት መሆኑን አምኖ ራሱን ነቀነቀ።

ወንድሜ መመርመር አልፈልግም ብሏል፤ ሚስቱም አላስገደደችውም። አሁን ነፍሰ ጡር ናት። አንዳንድ ቀን ሲደሰት አየዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን ጋራዥ ውስጥ የያዘውን ሽቦ ትቶ ግድግዳ ሲያይ አገኘዋለሁ። እንደዚያ ሲሆን ሻይ እጠራለትና አጠገቡ እቀመጣለሁ፤ ስለ ሌላ ነገር እናወራለን።

ባለፈው ክረምት አክስቴ ዘንድ ሁለት ቀን አድሬ ዘራችንን እንደገና አስቆጠርኳት፤ በዚህኛው ጊዜ ማን ማንን እንደወለደ ብቻ ሳይሆን ማን በስንት ዓመቱ ምን እንደሆነ ጭምር። ያልሰማናቸው ሌሎች ሁለት ሰዎች ተገኙ። እየተናገረች ሁለት ሦስት ጊዜ “ይኼንን ጻፍሽው?” ብላ ጠየቀችኝ፤ መጀመሪያ ፈርታ መሰለኝ፣ ኋላ ግን እንዳይቀር ብላ መሆኑ ገባኝ። ንጹሕ አድርጌ ገልብጬ አዲስ አበባ ለሐኪሙ ወሰድኩለት። ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ የአባቴን ደም ለምርመራ መላክ እንደሚገባ ነገረኝ። የእኔን ግን እኔ ካልጠየቅሁ እንደማይነካው አረጋገጠልኝ።

የአባቴ ደም ተቀድቷል፣ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። የራሴን እስካሁን አልጠየቅሁም። አንዳንድ ቀን ጠዋት ስነሣ እጠይቃለሁ እላለሁ፣ ትምህርት ቤት እስክደርስ ሐሳቤ ይለወጣል።